በዶሮዋ ዙሪያ ምን ይተከል? የጓሯችን ረጅም ታሪክ



ከቁጠባችን ብድር እየወሰድን ዶሮ ማርባት ከጀመርን ወዲህ በየስብሰባው የሚነሣ አንድ ጥያቄ አለ። መዋጮ ሲሰበሰብ ይነሣል፣ ቡና ሲፈላም ይነሣል። "በሽቦው ውስጥ ያለው መሬት ራቁቱን ቀረ፤ ምን ብንተክልበት ይሻላል?" የሚል ነው። አንዷ ጎመን ትላለች። ሌላዋ አልፋልፋ ትላለች። ሦስተኛዋ ደግሞ "ዶሮ ባለችበት ምንም አይበቅልም፤ ዝም ብላችሁ መኖ ግዙ" ትላለች።

ጥያቄው አዲስ ይመስላል እንጂ አዲስ አይደለም። ዶሮ ወደዚህ አገር ከገባች ጀምሮ ጓሮ ያላት ሴት ሁሉ በራሷ መንገድ ስትመልሰው የኖረች ጥያቄ ነው። መልሷን በወረቀት አላሰፈረችውም፤ በአጥሯ፣ በመደቧና በጥላዋ ነው ያኖረችው። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ወደ ኋላ ሄደን ዶሮዋ ከየት እንደመጣች፣ በዙሪያዋ የምናያቸው ተክሎችም መቼና እንዴት እንደደረሱ እንመልከት። ታሪኩን ስናውቅ የዛሬው ምርጫችን ይቀልልናል።

የጫካ ወፍ ናት

የዶሮ የዘር ግንድ በደቡብ ምሥራቅ እስያ ጫካዎች የሚኖረው ቀይ የዱር ዶሮ ነው። ይህ ወፍ ዛሬም በዚያ አለ። ቀን በቁጥቋጦና በቀርከሃ ሥር እየጫረ ትል፣ ነፍሳት፣ ዘርና የወደቀ ፍሬ ይለቅማል። ጭልፊት ሲያይ ጥቅጥቅ ወዳለው ቅጠል ይሮጣል። ሲመሽ ዛፍ ላይ ወጥቶ ያድራል። በገላጣ ሜዳ ላይ መዋል ባሕርዩ አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ የዶሮ አጥንት ጥናት እንደሚያሳየው፣ የቤት ዶሮ ናቸው ተብለው ከታመነባቸው አጥንቶች ቀደምቶቹ የተገኙት በመካከለኛው ታይላንድ ባን ኖን ዋት በተባለ ስፍራ ነው። ዕድሜያቸው ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ1650 እስከ 1250 ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ይወድቃል። ተመራማሪዎቹ እንደሚሉት የዱሩን ወፍ ወደ ሰው ያቀረበው እህል ነው። ሰዎች ሩዝና ማሽላ መሰል ጥቃቅን እህሎች በደረቅ መሬት መዝራት ሲጀምሩ ወፉ የፈሰሰውን ሊለቅም ከጫካው ወደ ማሳው ዳር፣ ከማሳው ዳር ወደ ደጃፍ ተጠጋ። የእኛ አባባል "ዶሮ ብታልም ጥሬዋን" ይላል። የዶሮና የሰው ወዳጅነትም የተጀመረው በዚያው ጥሬ ነው።

ከዚህ የምንይዘው አንድ ነገር አለ። ዶሮ ከሰው ጋር ስትኖር ሦስት ሺህ ዓመት አልፏታል፤ ጠባይዋ ግን ዛሬም የጫካ ወፍ ጠባይ ነው። ቆጥ የምትፈልገው ቅርንጫፍ ላይ ስታድር ስለኖረች ነው። ከሰማይ ጥላ ሲያልፍ የምትጮኸውና መሸሸጊያ የምትፈልገው በዚሁ ምክንያት ነው። ጠንካራ ፀሐይ ሲመታትም አፏን ከፍታ ታለከልካለች፤ ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ በላይ ሲሆን መብላት ትቀንሳለች፣ እንቁላሏም ያንሳል። ጥላ ለእርሷ እንደ ጥሬዋ የሚያስፈልጋት ነገር ነው።

ወደ አገራችን ስትገባ

በአገራችን የዶሮ ታሪክ እጅግ የቆየ መሆኑን ያረጋገጡልን ሁለት ሴት የአርኪዮሎጂ ሊቃውንት ናቸው። ኢትዮጵያዊቷ ዶክተር ሕሊና ወልደኪሮስና የሥራ ባልደረባዋ ካትሪን ዳንድሪያ በምሥራቅ ትግራይ መዝበር በተባለ ጥንታዊ የመንደር ፍርስራሽ የተገኙ የዶሮ አጥንቶችን አጥንተው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2016 አሳተሙ። የአጥንቱ ዕድሜ ሲለካ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ800 እስከ 600 ዓመት ገደማ ሆኖ ተገኘ። ይህ የአክሱም መንግሥት ከመነሣቱ ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት ነው። ዶሮዋ ወደ ደጋው የደረሰችው በቀይ ባሕርና በደቡብ ዓረቢያ በኩል ከነበረው ንግድ ጋር ሳይሆን እንደማይቀር ይታሰባል።

በዚያ ዘመን የሰሜኑ ደጋ ገበሬ ገብስ፣ ስንዴና ምስር ያመርት ነበር። እህል ባለበት ቤት አውድማ አለ፣ ወፍጮ አለ፣ ከሰፌድ የሚራገፍ እብቅ አለ። ይህ ሁሉ የዶሮ ቀለብ ነው። ላሙና በሬው የሰውየው ሲባሉ ዶሮዋ የሴትዮዋ የሆነችበት አንዱ ምክንያት ይኸው ይመስለኛል። ምግቧ የሚወጣው ከሴቷ እጅ ነው፤ ከሰፌዱ፣ ከወንፊቱ፣ ከምጣዱ ዙሪያ። ከእንቁላሉ የሚገኘው ሳንቲምም ጨው፣ ቡና፣ በኋላ ዘመን ደግሞ ደብተርና እስክርቢቶ የሚገዛ የሴት ገንዘብ ሆነ።

የእናቶቻችን ጓሮ

የሐበሻ ዶሮ ለብቻዋ የታጠረ ግቢ አልነበራትም። ማታ ከቤት ውስጥ ቆጥ ላይ ወይም በቅርጫት ሥር ታድራለች፤ ቀን የጓሮው ባለቤት ናት። ስለዚህ ጓሮው ራሱ የዶሮ ግቢ ነበር ማለት ነው። ይህን ጓሮ ልብ ብሎ ላየው አጥሩ ሁለት ሥራ አለው። አንዱ ዶሮዋን ከአውሬና ከጭልፊት መከለል ነው። ሌላው ተክሉን ከዶሮዋ መከለል ነው። እናቶቻችን የጎመን መደባቸውን በእሾህ የሚያጥሩት፣ አዲስ ችግኝ ሲተክሉም ሥሩን በድንጋይ ከብበው ግንዱን በቅርንጫፍ የሚሸፍኑት ለዚህ ነው። ተክሉ ሲጠናና ቁመቱ ከዶሮዋ ሲያልፍ እሾሁ ይነሣል። ከዚያ በኋላ ሁለቱ ይጠቃቀማሉ። ዶሮዋ በጥላው ሥር ትል ትለቅማለች፣ ኩሷ ለተክሉ ማዳበሪያ ይሆናል።

በደጋና በወይና ደጋ ጓሮ ጌሾ የማይጠፋ ነው። ቅጠሉ በበጋም አይረግፍም፤ ሥሩ ጥቅጥቅ ያለ ጥላ ይሰጣል። ባለቤቷ ቅጠሉን ለጠላና ለጠጅ ትለቅማለች፣ የተረፈውን ገበያ ታወጣለች። ጫጩት ያላት ዶሮ ጭልፊት ስታይ ልጆቿን ይዛ የምትገባውም ወደዚያው ነው። ግራዋም እንዲሁ ነው። ከቅርንጫፉ ተቆርጦ ይተከላል፣ ቶሎ ያቆጠቁጣል፣ ቅጠሉ የጠላ ጋን ያጥባል። የሐበሻ ጎመን ከአገራችን የቆዩ አትክልቶች አንዱ ነው፤ ያረጀውና የተበሳሳው የታችኛው ቅጠል ሁልጊዜ ለዶሮ ሲጣል ኖሯል። ጤና አዳም፣ ዳማከሴና በሶብላ ደግሞ በሽታቸው ብርቱ ስለሆነ ዶሮ ብዙም አትነካቸውም፤ ስለዚህ ያለ አጥር በደጃፉ ዳር ይቆማሉ።

በደቡቡ የእንሰት አገር ጓሮው ሌላ መልክ አለው። በጉራጌ፣ በሲዳማ፣ በጌዴኦና በሌሎችም አካባቢዎች ቤቱ በእንሰት የተከበበ ነው። የቤቱ ፍግና ጥራጊ ሁሉ ወደ እንሰቱ ይሄዳል፤ እንሰት ባለበት አፈሩ እርጥብና ለም የሚሆነው በዚህ ነው። ሰፊው ኮባ ፀሐይንም ጭልፊትንም ይከልላል። በሥሩ ትል አይጠፋም። እንሰቱን የሚፍቁት ሴቶች ናቸው፣ ዶሮዋንም የሚያሳድጉት እነርሱ ናቸው። የሁለቱ ሥራ በአንድ ቦታ መገናኘቱ ከኑሮ የመጣ ነው። ከቀይ የዱር ዶሮ የጫካ መኖሪያ ጋር በጣም የሚቀራረብ የአገራችን ጓሮ ቢፈለግ የእንሰቱ ጓሮ ሳይሆን አይቀርም።

ከባሕር ማዶ የመጡ እንግዶች

አሁን ጓሯችን ውስጥ "የኛ" ብለን የምንጠራቸው ብዙ ተክሎች ከዶሮዋ በጣም ዘግይተው የመጡ ናቸው። በርበሬ፣ በቆሎ፣ ዱባ፣ ድንችና በለስ የትውልድ አገራቸው አሜሪካ ነው፤ ከ1500ዎቹ እ.ኤ.አ. በፊት እዚህ ሊኖሩ አይችሉም። እስቲ አስቡት፤ ዶሮ በዚህ አገር ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ከኖረች በኋላ ነው በርበሬ የደረሰው። ዛሬ ያለ በርበሬ ዶሮ ወጥ አናስብም። በዓል ሲመጣ አሥራ ሁለቱን ብልት የምናወጣበት ቀይ ወጥ ሁለት ስደተኞች በአንድ ድስት የተገናኙበት ነው።

በቆሎ ለዶሮዋ አዲስ ጥሬ ሆነላት። ዱባ ሐረጉን በአጥር ላይ እየጣለ ለዶሮዋ ጥላ፣ ለቤቱ ምግብ ሆነ፤ ፍሬው ሲቆረጥ ፍሬ ነገሩንና ዘሩን ትለቅማለች። በለስ በ19ኛው መቶ ዘመን ወደ ሰሜን ገብቶ በትግራይ የድንጋይ አጥርና የረሃብ ጊዜ ቀለብ ሆነ። ድንችን ያመጣው እ.ኤ.አ. በ1858 ጀርመናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ሺምፐር እንደሆነ ይነገራል።

እንግዳ ሁሉ ግን ጠባዩ መታወቅ አለበት። የድንች ቅጠልና በፀሐይ የለመለመ አረንጓዴ ድንች መርዝነት አለው፤ ለሰውም ለዶሮም አይሰጥም። ቦሎቄም ከአሜሪካ የመጣ ነው፤ ጥሬው ሳይበስል ለዶሮ ቢሰጥ ይጎዳታል። በ20ኛው መቶ ዘመን የገባው አቮካዶ ለሰው ጥሩ ምግብና ጥሩ ጥላ ሆኗል፤ ቅጠሉና ልጣጩ ግን ለወፍ ዘር አይስማማም። በአቮካዶ ጥላ ሥር ዶሮ ብትውል ክፉ አይደለም፤ ልጣጩን ሰብስቦ በሽቦው ውስጥ መድፋት ግን ይቅር።

ከእንግዶቹ ሁሉ የአገሩን መልክ የለወጠው ባሕር ዛፍ ነው። አዲስ አበባ ከተቆረቆረች በኋላ በዙሪያዋ የነበረው ደን ለማገዶና ለቤት ሥራ አለቀ። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ዋና ከተማቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከማሰብ ደርሰው ነበር። በ1887 ዓ.ም. ገደማ የገባው ባሕር ዛፍ ቶሎ በማደጉ ከተማዋን አጸናት። እንጨቱን ከእንጦጦ በጀርባቸው ተሸክመው ያወረዱትም ሴቶች ናቸው። ባሕር ዛፍ ለማገዶና ለቋሚ ውለታው ብዙ ነው። ለዶሮ ግቢ ግን አይመረጥም። ውኃ በብርቱ ይስባል፤ ቅጠሉ ቶሎ አይበሰብስም፤ በሥሩ ሣርም ትልም ይጠፋል። ዶሮ ብትጭር የምታገኘው ደረቅ ቅጠል ነው። አንድ ተክል ለአንድ ሥራ ጥሩ ስለሆነ ለሁሉም ሥራ ጥሩ ነው ማለት እንዳልሆነ ከባሕር ዛፍ የበለጠ የሚያስተምረን የለም።

የእንዶድ ትምህርት

የተክል ዕውቀት ከሴቶች እጅ ወጥቶ ዓለም እስኪያውቀው እንዴት እንደሚዘገይ የእንዶድ ታሪክ ያሳየናል። ሴቶቻችን ሳሙና ሳይመጣ በፊት ልብስ የሚያጥቡት በእንዶድ ፍሬ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ በዓድዋ ወንዝ ዳር ሲሠሩ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ያሉት ቀንድ አውጣዎች ሞተው ተመለከቱ። ቀንድ አውጣው የብልሃርዝያ በሽታ ተሸካሚ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዕድሜያቸውን በእንዶድ ምርምር አሳለፉ፤ በ1989 እ.ኤ.አ. እርሳቸውና ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ "ራይት ላይቭሊሁድ" የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ።

ለእኛ ጉዳይ ትምህርቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ የእናቶቻችን ልማድ ብዙውን ጊዜ ውስጡ ዕውቀት አለ፤ አስተውሎ የሚያየው ነው የሚፈልገው። ሁለተኛ፣ ጠቃሚ ተክል ሁሉ ለዶሮ ግቢ አይሆንም። ቀንድ አውጣና ዓሣ የሚገድል ፍሬ ከዶሮ ውኃ መጠጫ አጠገብ አይተከልም። ጉሎም እንዲሁ ነው፤ ዘይቱ ቆዳ ያለሰልሳል፣ ፍሬው ግን ብርቱ መርዝ አለው። አስተናግር በራሱ የሚበቅል አረም ነው፤ ከነሥሩ ይነቀል። ቅንጭብና ቁልቋል ጥሩ የውጭ አጥር ናቸው፤ ወተታቸው ግን ዓይን ያጠፋል። ስንቆርጣቸው ቁራጩ ወደ ዶሮዎቹ እንዳይወድቅ፣ ልጆችም እንዳይነኩት እንጠንቀቅ።

የፈረንጅ ዶሮና ሽቦው

በ1940ዎቹ ዓ.ም. የጅማና የአለማያ የእርሻ ትምህርት ቤቶች ሲከፈቱ የፈረንጅ ዶሮም ገባች። ነጩ ሌግሆርንና ቀዩ ሮድ አይላንድ ሬድ ከሌሎች ዝርያዎች ጋር ለሙከራና ለማራባት መጡ። የሐበሻ ዶሮ በዓመት ከ40 እስከ 60 እንቁላል ገደማ ስትጥል፣ የፈረንጇ መኖዋ ከተሟላ ከ200 በላይ ትጥላለች። ይህ ትልቅ ጥቅም ነው፤ ዛሬ ብዙዎቻችን ብድራችንን የምንከፍለው በእርሷ ነው። በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብርም ዶሮን ከወተት፣ ከማርና ከዓሣ ጋር የቤተሰብ ምግብና ገቢ አድርጎ አሰፋት።

ነገር ግን ከአዲሷ ዶሮ ጋር አዲስ አሠራርም መጣ። ሽቦ፣ ቆርቆሮ፣ ጉዝጓዝ፣ ከፋብሪካ የሚገዛ መኖ። ትምህርቱም ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ለአባወራው ነበር፤ ዶሮዋን የምታሳድገው ሴት ግን ማጀት ነበረች። እናም ሁለቱ ዕውቀቶች ሳይገናኙ ቀሩ። ዶሮዋ ወደ ሽቦ ገባች፣ ጌሾው ከሽቦው ውጭ ቀረ። በየሰፈሩ የምናየው ጥላ የሌለው፣ በበጋ አቧራ፣ በክረምት ጭቃ የሆነ የዶሮ ግቢ የዚህ መለያየት ውጤት ነው። "ዶሮ ጭራ ጭራ አወጣች ካራ" እንደሚባለው፣ የምትጭረው ስታጣ መጫሯን አትተውም። ሥር ትምሳለች፣ ጉድጓድ ትቆፍራለች፤ ይባስ ሲልም እርስ በርስ ላባ ትነጫጫለች።

እዚህ ላይ ሚዛናችንን እንጠብቅ። የጥንቱ ጓሮ ሁሉን ነገር አልፈታም። ትልቁ ጠላቱ ፈንግል ነበር። ዝናብ ሲጀምር ይመጣና በጥቂት ቀን ውስጥ ጓሮውን ባዶ ያደርጋል። እናቶቻችን ነጭ ሽንኩርት፣ ፌጦ፣ ሎሚና እሬት በውኃ በጥብጠው ይሰጡ ነበር። ያላቸውን ሁሉ ሞከሩ፤ ፈንግልን ግን ምንም ቅጠል አይፈውሰውም። የሚያድነው አስቀድሞ መከተብ ነው። ክትባቱ በአገራችን ቢሾፍቱ በሚገኘው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ይመረታል፤ በዓይን ጠብታ ወይም በመጠጥ ውኃ ይሰጣል። ስለዚህ ክትባቱ ከቤተ ሙከራው፣ ጥላውና ቅጠሉ ከጓሮው ይሁን። አንዱ ሌላውን አይተካም።

መኖንም በተመለከተ እንዲሁ ነው። አንዲት የምትጥል ዶሮ በቀን ከ100 እስከ 120 ግራም መኖ ትፈልጋለች። ከዶሮ እርባታ ወጪ ትልቁ ድርሻ የሚሄደውም ለመኖ ነው። ቅጠል ይህን ሙሉ በሙሉ አይተካም። ግን ቫይታሚን ይሰጣል፣ አስኳሉን ደማቅ ቢጫ ያደርጋል፣ ዶሮዋንም ሥራ ያስይዛታል። ገዢ ደግሞ ደማቅ አስኳል ይወዳል።

ታሪኩ ለዛሬ ምን ይለናል?

ይህን ሁሉ አንድ ላይ ስናየው የእናቶቻችን ምርጫ በአራት ጥያቄ የሚጠቃለል ይመስለኛል። ዛሬም ችግኝ ከመግዛታችን በፊት እነዚህኑ ብንጠይቅ አንጎዳም።

የመጀመሪያው፣ "ጥላና መሸሸጊያ ይሰጣል ወይ?" የሚለው ነው። ጌሾና ግራዋ በደጋና በወይና ደጋ፣ እንሰትና ሙዝ በእርጥብ አገር፣ ሽፈራው በቆላ ይህን ይመልሳሉ። ሽፈራው በኮንሶ በየቤቱ ደጃፍ የሚተከል፣ ሰው እንደ ጎመን የሚበላው ዛፍ ነው፤ ቅጠሉ ፕሮቲን የበዛበት ስለሆነ ደርቆና ተፈጭቶ በትንሹ ከመኖ ጋር ይደባለቃል። በከተማ ጠባብ ግቢ ያለን ደግሞ ዱባ ወይም ቅል ከሽቦው ውጭ ተክለን ሐረጉን በላይ ማሳለፍ እንችላለን። በአንድ ክረምት ጣሪያ ይሆናል።

ሁለተኛው፣ "ዶሮዋ ብትበላው ይስማማታል ወይ?" ነው። ጎመን፣ ሰላጣ፣ አልፋልፋ፣ የቡቃያ ገብስና አጃ ይስማሟታል። ለአፈር ጥበቃና ለመኖ የተሰራጩት እንደ ሰስባኒያና ሉኪኒያ ያሉት ለከብት ጥሩ ናቸው፤ ሉኪኒያ ግን ዶሮ አብዝታ ከበላችው ይጎዳታል። ከላይ የጠቀስናቸው መርዛማዎቹ ደግሞ ጨርሶ አይግቡ።

ሦስተኛው፣ "ጭረቷን ይችላል ወይ?" ነው። ማንኛውም ችግኝ ገና ሳይጠና ከዶሮ ጋር አይገባም። ሥሩን በድንጋይ መክበብ የእናቶቻችን ዘዴ ነው፤ ዛሬም የሚተካከለው የለም። ለጎመንና ለአልፋልፋ መደቡን ከሽቦው ውጭ አድርጎ እያጨዱ መስጠት ይሻላል። ገብስ በሽቦው ውስጥ ለመዝራት የምትፈልግ በላዩ ላይ ከመሬት አንድ ስንዝር ገደማ ከፍ ያለ የሽቦ ክዳን ታድርግበት፤ ዶሮዎቹ ወጥቶ የሚያልፈውን ጫፍ ይቆርጣሉ፣ ሥሩን አይደርሱበትም። ቦታ ያላት ግቢውን ለሁለት ከፍላ በየተራ ብታሳርፈው መሬቱ መልሶ ሣር ያበቅላል። የዶሮ ኩስ ትኩሱ ሥር ያቃጥላል፤ ከጭድና ከቅጠል ጋር ጥቂት ወራት ተከምሮ ብስባሽ ከሆነ በኋላ ነው ወደ መደቡ የሚገባው።

አራተኛው ጥያቄ ብዙ ጊዜ የሚረሳው ነው፤ "ለእኔስ ምን ይሰጠኛል?" የሚለው። እናቶቻችን ለዶሮ ብቻ ብለው ምንም አልተከሉም። ጌሾው ለጠላው ነው፣ ግራዋው ለጋኑ፣ ጤና አዳሙ ለቡናው፣ ጎመኑ ለወጡ። ዶሮዋ በጥላው ተጠቀመች። ይህ ብልሃት ነው። እንቁላል ዋጋው ሲወድቅ ጌሾ ይሸጣል። ፈንግል ሳይታሰብ ቢገባ እንኳ ተክሉ በቦታው ይቆያል። ብድር ያለባት ሴት ሀብቷን ሁሉ በአንድ ቅርጫት ካላስቀመጠች እንቅልፍ ይወስዳታል።

እህቶቼ፣ የዶሮ ታሪክ በመንግሥታት ታሪክ ውስጥ ቦታ የለውም። ነገሥታት ሲወጡና ሲወርዱ፣ ከተሞች ሲቆረቆሩና ሲፈርሱ፣ ዶሮዋ ከአንዷ ሴት ጓሮ ወደ ሌላዋ ጓሮ እየተሻገረች ከመዝበር እስከ እኛ ደረሰች። በየዘመኑ የመጣውን አዲስ ተክል የፈተኑት፣ የሚስማማውን ያስቀሩት፣ የማይስማማውን ከአጥር ውጭ ያደረጉት ሴቶች ናቸው። አሁን ተራው የእኛ ነው። በሚቀጥለው ስብሰባ እያንዳንዳችን ከጓሯችን አንድ ቁራጭ፣ አንድ ዘር ወይም አንድ ችግኝ ይዘን እንምጣ። በየሰፈራችን ምን እንደጸደቀና ምን እንዳልጸደቀ እየተነጋገርን እንለዋወጥ። ግራዋ ለመትከል ገንዘብ አያስፈልግም፤ ከጎረቤት የተቆረጠ አንድ ቅርንጫፍና የክረምት ዝናብ ይበቃዋል።